ማስታወቂያ የማይወጣበት የምርምር ሥራ፦ ከኮምቦልቻ ለደረሰ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በ2015 ዓ.ም. በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ በዲግሪ ተመርቄ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። ፍላጎቴ በዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ላቦራቶሪ ውስጥ ምርምር ላይ መሥራት ነው። በየሳምንቱ የሥራ ማስታወቂያ እከታተላለሁ፤ እስካሁን ለእኔ የሚሆን አንድም አላገኘሁም። ደሴ ሄጄ ብጠይቅም ‹ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቢ› ተብዬ ተመለስኩ። በውስጥ የማውቀው ሰው፣ ዘመድም የለኝም። ከየት ልጀምር?»

ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቢ ያሉዎት ሰዎች ስሕተት አልነገሩዎትም፤ የነገሩዎት ግን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካሉት ሁለት ዓይነት ሥራዎች ስለ አንዱ ብቻ ነው። አንደኛው የመደብ ሥራ ነው፤ ይህም የመንግሥት በጀት የተያዘለት፣ ማስታወቂያ የሚወጣበት፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ያለው የመምህርነት ወይም የላቦራቶሪ ቴክኒካል ረዳትነት መደብ ሲሆን፣ በዓመት ውስጥ የሚከፈተው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ለመምህርነቱ ደግሞ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቅበታል። ሁለተኛው የፕሮጀክት ሥራ ነው። ይህኛው ሥራ የሚመነጨው ከዩኒቨርሲቲው የሰው ኃይል ቢሮ ሳይሆን ከአንድ ተመራማሪ የጥናት ንድፍ ነው። ተመራማሪው ገንዘብ ሲጠይቅ በበጀቱ ውስጥ ለናሙና ሰብሳቢ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ለመረጃ አስገቢ የሚከፈለውን ከወዲሁ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ገንዘቡ ሲለቀቅም ያንን ሰው የሚፈልገው ማስታወቂያ ለጥፎ ሳይሆን ሥራውን አይቶ ላመነው ሰው ስልክ ደውሎ ነው። ስለዚህ ወደ ምርምር የሚገባ ጀማሪ መፈለግ ያለበት ክፍት መደብን ሳይሆን ናሙና በፍሪጅ ይዞ፣ የሚያነብለት ሰው ያጠረውን ተመራማሪ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ተመራማሪ እንዴት ማግኘትና ሲያገኙትም ምን ይዞ መቅረብ እንደሚገባ ነው።

ያሉበት ቦታ፣ ከሚያስቡት በላይ ይጠቅምዎታል። ከኮምቦልቻ ተነሥተው ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲደርሱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ይደርሳሉ፤ በዚህች አጭር መንገድ ውስጥ የበሽታው ዓይነትም አብሮ ይለወጣል። ቆላ ቀመስ በሆነው በኩል፣ በሐርቡና በባቲ መስመር፣ ወባ አለ፤ በቦርከና ወንዝ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ቢልሃርዚያ አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በከተማ ውስጥ በውኃ ታንከርና በበርሜል የምትራባው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ሲሆን፣ በኋላ በተደረገ ቅኝት ባቲም ላይ ተገኝታለች። ወደ ደጋው ደግሞ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ፣ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳና ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሌሽማንያሲስ ሕሙማን የሚታከሙበት ሲሆን፣ ከእነዚህ ሕሙማን የተገኘ መረጃ በተደጋጋሚ ታትሟል። ከሌላ አገር የሚመጣ ተመራማሪ ለእነዚህ ናሙናዎች ሲል ብዙ ገንዘብና ጊዜ ያወጣል። እርስዎ ግን አካባቢውን፣ ቋንቋውን፣ የገበያውን ቀንና የጤና ጣቢያውን መንገድ ያውቁታል፤ ለመስክ ጥናት ይህ ትልቅ ዋጋ ያለው እውቀት ነው።

ቢልሃርዚያን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ላክል፤ ምርምር ከትልቅ መሣሪያ ብቻ የሚጀምር ለሚመስላቸው ወጣቶች ሁልጊዜ የምነግረው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ጥናት ሲያካሂዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ የበሽታው ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንዶዱ እንደሚገድላቸው ያሳየው ሥራ የተወለደው ከዚህ ምልከታ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራ የምርምር ኢንስቲትዩት አለ።

ወደ ተቋማቱ ልመለስ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አሉ። በዚያው ከተማ የአማራ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ፤ ቀድሞ ሰዉ «ሪጅናል ላብ» ይለው የነበረው ነው። የኤች አይ ቪ ቫይራል ሎድን (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን መለካትን) የመሰሉ ምርመራዎች ከብዙ ጤና ተቋማት ተሰብስበው የሚሠሩት እዚያ በመሆኑ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ለማስተርስ ተማሪዎችም የመረጃ ምንጭ ሆኖ ይታያል። ከእርስዎ ደጃፍ፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። የላቦራቶሪ ምሩቆች ይህን ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ እኔ ግን እንዳያልፉት አጥብቄ እመክራለሁ። የብሩሴላ ሴሮሎጂ፣ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ምርመራ፣ ከኮምቦልቻ ቄራ የሚመጣ የሃይዳቲድ ከረጢት (የኮሶ ዓይነት ትል በጉበትና በሳንባ ላይ የሚፈጥረው ውኃ የቋጠረ ዕጢ) እና የጉበት ትል ጥናት ለሰውም ለእንስሳም አንድ ዓይነት እጅ ይጠይቃሉ፤ የሰውንና የእንስሳን በሽታ አብሮ የሚመረምረው የጥናት ዘርፍም ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ ሰው በብዛት የለውም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴና በኮምቦልቻ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ዕቃ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ይህን የማነሣው እርስዎ የማያውቁት ሆኖ አይደለም። ሥራ ሲጠይቁ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን አስቀድመው መጠየቅ እንዳለብዎት ለማስታወስ ነው። አንድ ላቦራቶሪ በወረቀት ላይ የፒሲአር ክፍል (የተሕዋስያንን ዘረ መል አባዝቶ የሚለይ) ሊኖረው ይችላል፤ ሪኤጀንቱ (የምርመራው ኬሚካል)፣ ጀነሬተሩና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር የማይሠሩ ከሆነ ግን እዚያ የሚያሳልፉት ዓመት ምንም ላያስተምርዎት ይችላል። በሌላ በኩል አንድ ጥሩ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ኢንኩቤተርና ትጉህ ተመራማሪ ያለበት ጠባብ ክፍል ብዙ ያስተምራል።

ተመራማሪውን ለማግኘት የሚያስፈልግዎት ስልክዎና ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፐብሜድ በነፃ የሚከፈት የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የደሴን፣ የኮምቦልቻን፣ የቦሩ ሜዳን፣ የሐርቡን፣ የባቲንና የከሚሴን ስም እያስገቡ ባለፉት ሦስት ዓመታት የታተሙትን ብቻ ያውጡ። ከየጽሑፉ አራት ነገር በደብተር ይጻፉ፦ ኢሜይል የተሰጠው ደራሲ ማን እንደሆነ፣ ናሙናው የት እንደተመረመረ፣ ገንዘቡን ማን እንደሰጠ፣ በመጨረሻም ደራሲዎቹ ራሳቸው «ይህን አላደረግንም» ብለው ያመኑት ጉድለት ምን እንደሆነ። አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። አንድ የአንጀት ጥገኛ ትላትል ጥናት በቀጥተኛ የሰገራ ምርመራ ብቻ ተሠርቶ ከሆነና ደራሲዎቹ ካቶ ካትዝን (በተለካ ሰገራ ውስጥ የትል እንቁላል የሚቆጠርበትን ዘዴ) ባለመጠቀማቸው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊሆን እንደሚችል ጽፈው ከሆነ፣ ካቶ ካትዝ የሚችል ሰው ለእነርሱ እንግዳ ሳይሆን የጠፋ ዕቃ ነው። ሃያ ጽሑፍ ሲያነቡ አምስት ወይም ስድስት ስሞች ተደጋግመው ይመጣሉ፤ በአካባቢው ምርምሩን በእውነት እያንቀሳቀሱ ያሉት እነርሱ ናቸው። የሚጽፉትም ለእነርሱ ነው፤ ለዲን ወይም ለሰው ኃይል ቢሮ አይደለም።

አሁን ይዘው ስለሚቀርቡት ነገር ልናገር፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነውና። «ታታሪ ነኝ፣ ምርምር እወዳለሁ» የሚል ደብዳቤ ተመራማሪውን ምንም አይነግረውም። እርሱ ማወቅ የሚፈልገው ናሙናውን ቢሰጥዎት የሚያወጡት ቁጥር የሚታመን መሆኑን ነው። በግል ክሊኒክ ውስጥ በቀን ብዙ ስላይድ (ናሙና የተቀባበት መስታወት) በማይክሮስኮፕ ያነባሉ፤ ይህ እውነተኛ ችሎታ ነው፤ ግን የክሊኒክ ንባብና የምርምር ንባብ አንድ አይደሉም። በክሊኒክ «ፖዘቲቭ፣ ሁለት ፕላስ» ብሎ መጻፍ ይበቃ ይሆናል፤ በጥናት ግን ጥገኛው የሚቆጠረው ከ200 ነጭ የደም ሴል አንጻር ነው፤ ከዚያም በማይክሮ ሊትር 8,000 ነጭ የደም ሴል አለ በሚል ግምት ይሰላል። ቢልሃርዚያ ላይም በካቶ ካትዝ 41.7 ሚሊ ግራም በሚይዘው ቀዳዳ የተለካው ሰገራ ውስጥ የተገኘው የእንቁላል ቁጥር በ24 ተባዝቶ በግራም ይገለጻል። በባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያን በላቦራቶሪ በማሳደግ) በኩል ከሆነ፣ የመድኃኒት መላመድ ምርመራ የሚሠራ ሰው ባክቴሪያው የሚያድግበትን ሙለር ሂንተን አጋር 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው አድርጎ ማፍሰስን፣ የባክቴሪያውን ብጥብጥ ድፍርስነት ከ0.5 ማክፋርላንድ መለኪያ ጋር ማስተካከልን፣ በየጊዜውም 25922 የተባለውን የኢ. ኮላይና 25923 የተባለውን የስታፍ አውሬውስ መቆጣጠሪያ ዝርያ አብሮ መፈተሽን ማወቅ አለበት። መቆጣጠሪያው ከገደቡ ከወጣ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል፤ ይህን የሚያውቅና ለመጣልም የማያመነታ ሰው ለተመራማሪ እጅግ ውድ ነው።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ችሎታ ይምረጡና ማስረጃ ያዘጋጁለት። ለምሳሌ ከክሊኒኩ ኃላፊ ፈቃድ ጠይቀው፣ የታካሚው ስም ፈጽሞ የማይታይባቸውን ሃያ የወባ ስላይዶች በቁጥር ብቻ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ራስዎ አንብበው ይመዝግቡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያዩ እንደገና ያንብቡ፣ ከዚያም ልምድ ያለው ባልደረባ ሦስተኛ ጊዜ ያንብብልዎ። ሦስቱ ንባቦች የተለያዩባቸውን ስላይዶች ከነምክንያታቸው በአንድ ገጽ ይጻፉ። ይህ ጥናት አይደለም፣ እንደ ጥናትም አይታተምም፤ የእጅዎ ጥራት መዝገብ ነው። እኔ ብዙ የሥራ ማመልከቻ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ያያያዘ ሰው ቢመጣ ከማንም በፊት እጠራዋለሁ። ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ይጨምሩ፦ የሰው ተሳታፊዎችን መብት የሚመለከተውን የምርምር ሥነ ምግባር ኮርስና የክሊኒካል ምርምር መልካም አሠራር ኮርስ። ሁለቱም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣሉ፤ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ የጥናት ቡድን አባላትን ሰርተፊኬት ሲጠይቅ ተመራማሪው ከእርስዎ ዘንድ ያለቀለት ሆኖ ያገኘዋል። መረጃን በኤክሴል በንጽሕና ማስገባትንና በአንድ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መሠረታዊ ሠንጠረዥ ማውጣትን ቢያውቁ ደግሞ ሥራዎ ከናሙናው ጋር አያልቅም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን ይህን ይመስላል፦ «የተከበሩ ዶክተር፣ በቦርከና ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ስለ ቢልሃርዚያ ያሳተሙትን ጥናት አንብቤአለሁ። ክትትሉ ከመድኃኒት እደላው በኋላ አለመቀጠሉን እንደ ጉድለት ጠቅሰዋል። እኔ ኮምቦልቻ የምኖር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ካቶ ካትዝ አዘጋጅቼ ማንበብ እችላለሁ፤ የንባብ ጥራቴን የሚያሳይ አንድ ገጽ አያይዣለሁ። በያዙት ወይም በሚጀምሩት ጥናት የናሙና ንባብ ወይም የመስክ ሥራ ካለ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን፣ በሥራ ቀናትም ከ10 ሰዓት በኋላ መሥራት እችላለሁ። ቢፈቅዱልኝ ደሴ መጥቼ ለሃያ ደቂቃ ላነጋግርዎ።» በደብዳቤው ውስጥ ልመና የለም፤ የሕይወት ታሪክም የለም። መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ፤ ያም ካልሠራ በአካል ይሂዱ። በእኛ አገር ኢሜይል ሳይመለስ መቅረቱ ብዙውን ጊዜ እምቢታ አይደለም፤ ኔትወርክ፣ ፈተና ማረም፣ ስብሰባ ነው። መምህሩን ከቢሮው ደጃፍ አግኝቶ «በዚህ ርእስ ጽፌልዎት ነበር» ማለት ነውር የለውም።

ጊዜውንም ያስተውሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዩኒቨርሲቲው ለመምህራኑ የሚሰጠው የምርምር ገንዘብ ይህን ተከትሎ ይለቀቃል፣ ግዥውም ከዚያ በኋላ ይጎተታል፤ ስለዚህ ክረምት ላይ የተዋወቁት ተመራማሪ በጋ ላይ ሊፈልግዎት ይችላል። የማስተርስ ተማሪዎች ደግሞ የጥናት ንድፋቸው እንደጸደቀ ናሙና ለመሰብሰብ የሚሯሯጡት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በዚያ ወቅት ለአንድ ተማሪ መሥራት ትንሽ ሥራ ቢመስልም አማካሪዎቹ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ናቸው፤ ሁሉም የእርስዎን መዝገብ ያዩታል። እኔም የገባሁት በዚህ በር ነው፦ የሌላ ሰው የማስተርስ ጥናት ስላይድ ሁለተኛ አንባቢ ሆኜ።

ከዚያው ዘመን የቀረኝ ቁጭት አለና እርሱንም ልንገርዎ። ቀጥሎ በተቀጠርኩበት አንድ ጥናት ውስጥ ዓመት ሙሉ ካልቸር ሠራሁ፣ ያልተሳካውን የናሙና አያያዝ ዘዴ ራሴ አስተካከልኩ፤ ጽሑፉ ሲወጣ ግን ስሜ በደራሲነት ቀርቶ በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ እንኳ አልነበረም። ጥፋቱ የእነርሱ ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ምንም ነገር በጽሑፍ አልጠየቅኩም ነበር። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት፣ በትሕትና ግን በግልጽ፣ እነዚህን ይጠይቁ፦ ሥራው ለስንት ወር ነው፤ የትራንስፖርትና የቀን አበል ማን ይከፍላል፤ ጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ አለው ወይ፤ የናሙና ንባብ ብቻ ከሠራሁ ምስጋና፣ በዘዴው ዝግጅትና በጽሑፉ ሥራ ከተሳተፍኩ ደግሞ ደራሲነት ይገባኛል ወይ። የተስማማችሁበትን በኢሜይል መልሰው ይላኩላቸው፤ ያ ኢሜይል ውል ባይሆንም መዝገብ ነው። ያለ ክፍያ መሥራትን በተመለከተ የእኔ አቋም ጥብቅ ነው፦ ዘዴ ለመማር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያለ ክፍያ መቆየት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ያለፈው ግን ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ነፃ ጉልበት ይሆናል፣ በተለይም ከኮምቦልቻ ደሴ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው። የሥራ ቦታ ለማስያዝ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም ከውጭ አገር «ተቀብለንሻልና የምዝገባ ክፍያ ላኪ» የሚል ማንኛውም መልእክት ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ የምርምር ሥራ ለሠራተኛው ይከፍላል እንጂ አያስከፍለውም።

ከወሎ ውጭ ያለውን በአጭሩ ላንሣ። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 ለሥጋ ደዌ ምርምር ተቋቁሞ ዛሬ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባና በሌሎችም ላይ ይሠራል፤ ረዳት ተመራማሪዎችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን በፕሮጀክት ይቀጥራል፣ ማስታወቂያም ያወጣል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ላቦራቶሪም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ዘንድ ውድድሩ ከመላ አገሪቱ ስለሆነ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የሠሩበት አንድ ጥናትና አንድ የሚመሰክርልዎት ተመራማሪ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። የውጭው ዶክትሬት በአብዛኛው ማስተርስ ያስቀድማልና ለጊዜው ያቆዩት። ማስተርሱ ግን አይቆይ፤ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለመውሰድ ከአሁኑ ይዘጋጁ። የትምህርት መስኩን የሚመርጡት በስሙ ሳይሆን ከላይ በደብተርዎ ተደጋግሞ ስሙ የመጣው ተመራማሪ በሚያስተምርበት ክፍል ይሁን፤ የማስተርስ ጥናትዎ ርእስ ያኔ በእጅዎ ካለው ሥራ ይወለዳል።

«ዘመድ የለኝም» ያሉትን ቸል ብዬ አላልፈውም፤ ሥራ በትውውቅ የሚያዝበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚያምዎትም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን የፕሮጀክት ሥራ ከመደብ ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ ዋና ተመራማሪው በስሙ ለገንዘብ ሰጪው ውጤት ማቅረብ አለበት፣ ቁጥሩ ከተበላሸም የሚጠየቀው እርሱ ነው። የአጎቱን ልጅ ቀጥሮ ስላይዱ ሁሉ እንደገና የተነበበበት ተመራማሪ ለሚቀጥለው ጥናት የሚፈልገው ንባቡ የሚታመን ሰው ነው። እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሃያዎቹን ስላይዶች ይጀምሩ፣ ቅዳሜም ጽሑፎቹን ያውጡ። ለመጀመሪያው ተመራማሪ የሚልኩትን ደብዳቤ አርቅቀው ቢያሳዩኝ ደግሞ መስመር በመስመር አይቼ አስተያየቴን እሰጥዎታለሁ።